ቢራቢሮ ሳባርር የባከነው ዓመቴ

ነገሩ የጀመረው በአንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነው። መስከረም 2012 ነበር፣ ደብረ ብርሃን። ሰሌዳው ላይ የቢራቢሮን የሕይወት ዑደት ስዬ ጨርሻለሁ። አራት ክብ፣ አራት ቀስት። በየዓመቱ ስለምስለው ዓይኔን ጨፍኜም አልስተውም። ልጅቷ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እንቁላሉን የት ነው የምትጥለው?» አለችኝ።

«ቅጠል ላይ።»

«የምን ቅጠል?»

ዝም አልኩ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩትን ነገር አንድም ቀን በዓይኔ አላየሁትም ነበር። «ነገ እነግርሻለሁ» ብዬ አለፍኩት። ነገ ያልኩትን በዓይኔ ለማየት ሰባት ወር ፈጀብኝ። ከሰባቱ ወር አብዛኛው በማይረባ ስህተት የባከነ ነው። እናንተም ተራ ቢራቢሮ ዓመቱን ሙሉ ለመከታተልና ፎቶ ለማንሳት ካሰባችሁ፣ ቢያንስ የእኔን ስህተት አትድገሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

የመረጥኳት በጣም ተራ የሆነችውን ነው። ብርትኳናማ ክንፍ፣ የፊተኛው ክንፍ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት። ክንፏን ስትገጥም ከስር ግራጫና ቡናማ ናት፤ በኋለኛው ክንፍ ዳር አራት አምስት ትንንሽ ዓይን የሚመስሉ ክቦች አሏት። አይታችኋታል። ደጃችሁ ላይ ነበረች። እኛ ሁሉንም ቢራቢሮ ብለን ስለምናልፍ ለብቻዋ ስም አልሰጠናትም። ፈረንጆቹ ፔይንትድ ሌዲ ይሏታል። የሳይንስ ስሟ ቫኔሳ ካርዱይ ነው፤ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣላት። ካርዱይ ማለት የኮሸሽላ፣ የእሾሃማው ተክል ማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ «እሾህንና አሜከላን» የሚለው አሜከላ ማለት ነው እንግዲህ። የልጅቷ ጥያቄ መልስ ስሟ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር። እኔ ግን ስሟን ያነበብኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

የመጀመሪያው ወር ሩጫ ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ በሬሳ ወንዝ ዳር እሄዳለሁ። መስከረም ስለሆነ ሜዳው በአደይ ተሸፍኗል፣ ቢራቢሮውም ሞልቷል። አንዷ ስታርፍ ስልኬን ይዤ እሮጣለሁ። ትነሳለች። እከተላለሁ። ታርፋለች፤ እጠጋለሁ፤ ትነሳለች። በዚያ ወር 340 ፎቶ አንስቻለሁ። ቤት ገብቼ ሳየው ሳር ነው። ሳር፣ ድንጋይ፣ የራሴ ጥላ፣ አልፎ አልፎም ጥግ ላይ የደበዘዘ ብርትኳናማ ነገር። አንድ ቀን ስሮጥ ቦይ ውስጥ ወድቄ ጫማዬን ጭቃ ነጥቆኛል፤ እሱን እንለፈው።

ከዚህ ያወጣኝ አንድ እረኛ ልጅ ነው። አስር ዓመት ቢሆነው ነው። ከድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጦ ስሯሯጥ ለረጅም ጊዜ አይቶኛል መሰለኝ። በመጨረሻ አላስቻለውም።

«እትዬ፣ አይከተሏት! እዝችው ድንጋይ ላይ ተመልሳ ነው የምታርፈው።»

«በምን አወቅህ?»

«ቀን ሙሉ እዚህ አይደለሁ?»

ተቀመጥኩ። ሰዓቱ ወደ 10 ገደማ ነበር፣ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀምራለች። ቢራቢሮዋ ሄዳ ከሌላ ጋር ተሽከርክራ፣ ወደ ላይ ወጥታ፣ ተመልሳ ያቺው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ክንፏን ዘርግታ አረፈች። ከእኔ ጉልበት ሁለት ክንድ አይርቅም። ደግማ ሄደች፣ ደግማ መጣች። አራት ጊዜ። ያን ቀን ያነሳሁት ፎቶ እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ።

በኋላ ሳነብ ምክንያቱ ገባኝ። ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ገላጣ ቦታ ይዘው ሴት ትመጣለች ብለው ይጠብቃሉ። የሚያልፈውን ሁሉ ተነስተው ይመረምሩና ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ገላጣ መሬት፣ ጉብታ ወይም ካብ ፈልጋችሁ ተቀመጡ። ስትነሳ አትነሱ። ጥላችሁ በእሷ ላይ እንዳያልፍ ፀሐይዋ ከየት በኩል እንደሆነች አስቀድማችሁ እዩ። ስትጠጉም ቁመታችሁን አሳንሱ፤ ከላይ የሚመጣ ነገር ለእሷ ወፍ ነው። እኔ በስተርጅና መንበርከክ ለምጃለሁ።

ጠዋት ሌላ ዕድል አለ። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አልፎ የተቀመጠ ከተማ ነው፤ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። ቢራቢሮ ደግሞ ሰውነቷ ካልሞቀ አትበርም። ከ2፡30 እስከ 4 ሰዓት ድንጋይና ደረቅ መሬት ላይ ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች። ያኔ እንደ ልብ ትጠጓታላችሁ። ከ6 ሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፤ አበባ ላይ ያለች ቢራቢሮ ከአበባው ጋር ስትወዛወዝ ማንሳት ካሰኛችሁ መብታችሁ ነው።

ጥቅምት ላይ የሠራሁት ስህተት ግን አሁንም ያሳፍረኛል። ከአጥሬ ጥግ የበቀለ ኮሸሽላ ነበር። ቅጠሉ በቀጭን ክር ተሰፍቶ የታጠፈ ሆኖ አየሁት። ገለጥ ሳደርገው ውስጡ ጥቁር፣ እሾሃም፣ ጎኑ ላይ ቢጫ መስመር ያለው አባጨጓሬ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሰባት ለቀምኩ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። የማዮኔዝ ፕላስቲክ ዕቃ አጥቤ፣ ቅጠል ሞልቼ፣ ክዳኑን በመርፌ ሦስት ቦታ በስቼ፣ ዓርብ ዕለት ክፍል ውስጥ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ልጆቹ ተንጋግተው አዩት። ስምም አወጡላቸው።

ሰኞ ጠዋት ስገባ ዕቃው በእንፋሎት ደፍኗል። ቅጠሉ ጠቁሯል፣ ሻግቷል። ሰባቱም ሞተዋል። ክዳኑን ስከፍት ሽታው አይነገርም። ያቺ የጠየቀችኝ ልጅ ምንም አላለችኝም። ዞር ብላ ወደ ወንበሯ ሄደች። ከቁጣ ይልቅ ይህ ዝምታ ነው የከበደኝ።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። የጫማ ካርቶን እወስዳለሁ። አንድ ጎኑን ቀድጄ በአሮጌ አጎበር እሸፍነዋለሁ። የኮሸሽላውን ቅርንጫፍ ከነግንዱ ቆርጬ ውኃ ያለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ እተክላለሁ፤ አባጨጓሬው ወርዶ እንዳይሰምጥ የጠርሙሱን አፍ በወረቀት እወትፋለሁ። ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ቦታ አስቀምጣለሁ። ኩሱን በየቀኑ እጠርጋለሁ። ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ አልይዝም። ለመያዝ የማትችሉ ከሆነ ደግሞ እዚያው ተክሉ ላይ ተዉት፤ በየቀኑ ሄዶ ማየት ይበቃል። እውነቱን ለመናገር እኔ ከሁሉ የተማርኩት ያልነካኋቸው ላይ ነው።

ከዚያ ህዳር 12 መጣ። ህዳር ሲታጠን የምናደርገውን ታውቃላችሁ፤ በ1911 ያለቀውን ሕዝብ እያሰብን ቆሻሻ ለቅመን እናቃጥላለን። ጎረቤቴ እማማ ለእኔ አስበው፣ እኔ ሳስተምር፣ አጥሬ ጥግ ያለውን ኮሸሽላ በሙሉ ነቅለው ከቆሻሻው ጋር አቃጥለውታል። ማታ ስመጣ ጭሱ ገና አልበረደም። «አረም ወረረሽ ብዬ አጸዳሁልሽ፣ ልጄ» አሉኝ። ምን እላለሁ? «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ምን እየጠበቅኩ እንደሆነ ለማንም አልነገርኩም ነበር። ለቢራቢሮ የምትተዉት አረም ካለ ለጎረቤት ንገሩ። ክር እሰሩበት። አስቂኝ ቢመስልም ንገሩ። በዓመቱ እማማ ራሳቸው «ያቺ ብርትኳኗ ዛሬ ቅጠሉን ስትዞረው ነበር» እያሉ ይነግሩኝ ጀምረዋል።

ታህሳስና ጥር ውርጭ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን ተረት የተረተ ሰው ታህሳስን እኛ ጋ አላሳለፈም። ሜዳው ደርቆ ቢጫ ሆነ። ከወንድሜ የተዋስኳት አሮጌ ካሜራ ባትሪዋ በብርድ ሁለት ፎቶ አንስታ ትጠፋለች። ባትሪውን በብብት ይዞ መሄድ እንደሚያድነው ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ እናንተ ትርፍ ባትሪ ካላችሁ የውስጥ ኪስ ውስጥ አድርጉት። ቢራቢሮ ግን የለም። በሬሳ ዳር፣ ሳሩ አረንጓዴ ሆኖ በቀረበት ቦታ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ባይ ነው።

ለጥምቀት እህቴ ጋ ሸዋሮቢት ወረድኩ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጣርማ በርን አልፎ፣ ዋሻውን ወጥቶ፣ ደብረ ሲናን ይዞ ቁልቁል ነው። መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ካፖርት ለብሳችሁ ተነስታችሁ በቲሸርት ትደርሳላችሁ። እዚያ ወንዝ ዳር፣ ወተት የሚያወጣው ጦቢያ ላይ፣ ብርትኳናማ ቢራቢሮ እንደ ጉድ! ክንፍ ጫፏ ጥቁር፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት። ደስታ አሰከረኝ። «አገኘኋችሁ! ከውርጩ ሸሽታችሁ ቆላ ወርዳችኋል!» አልኩ። 61 ፎቶ አነሳሁ። ተመልሼ የመምህራን ክበብ ውስጥ ሻይ እየጠጣን ግኝቴን በኩራት አስረዳሁ። አንድ የባዮሎጂ መምህር ፎቶውን አጉልቶ አየና ቀስ ብሎ «ይቺ እኮ ሌላ ናት» አለኝ።

ሌላ ነበረች። የአፍሪካ ሞናርክ የሚሏት። ደረቷ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ አለበት፣ በኋለኛው ክንፏ መሃል ጥቁር ነጥቦች አሏት፣ በረራዋ ዘና ያለ ነው። የምትዝናናው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አባጨጓሬዋ እንደ ጦቢያ ያሉ ወተታማ ተክሎችን በልታ መርዙን ሰውነቷ ውስጥ ስለምታስቀር ወፎች አይደፍሯትም። በኋላ ደግሞ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ሳይ ከ61ዱ ሦስቱ እሷም አይደሉም። የኋለኛው ክንፍ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ ብቻ፣ ያውም ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ። መርዛማዋን አስመስላ የምትለብስ፣ ራሷ ግን መርዝ የሌላት የሌላ ዘር ቢራቢሮ ሴት ናት። አስመሳይዋ ወፍን ብቻ ሳይሆን እኔንም አታላለች።

ከዚህ የወጣልኝ ልማድ ይሄ ነው። ለእያንዳንዷ ቢራቢሮ ቢያንስ ሁለት ፎቶ አነሳለሁ፤ አንድ ክንፏን ስትዘረጋ ከላይ፣ አንድ ስትገጥም ከጎን። በላይኛው ፎቶ ብቻ ስም አትስጡ። የእኛዋን የሚለያት የታችኛው ነው። ክንፏ ከሌንሱ ጋር እኩል ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲታይ ተስተካከሉ፤ አለዚያ ግማሹ ይደበዝዛል። ዓይኗ ጥርት ካለ ሌላው ቢደበዝዝ ግድ የለም። ካሜራ ላላችሁ የሹተሩን ፍጥነት ከ1/500 ሰከንድ የፈጠነ አድርጉት። ስልክ ላላችሁ አፍንጫዋ ስር አትግቡ፤ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ሁለት እጥፍ ዙም በቂ ነው፤ ማንሻውን ተጭናችሁ ያዙትና በተከታታይ ያንሳ። ከሃያው አንዷ ትሆናለች። የቀሩትን ያን ዕለት ማታ አጥፉ። ካላጠፋችሁ መቼም አታጠፉም።

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋቴ ልምጣ። የካቲት ላይ የስድስት ወሩን ነገር ላቀናብር ተቀመጥኩ። ከደብተሬ ጋር ፎቶዎቹን ላገጣጥም። ደብተሬ በእኛ አቆጣጠር ነው። ካሜራው በፈረንጅ ነው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ የግድግዳ ካሌንደር አለ አይደል? ግን አንድ ፎቶ ጥግ ላይ 10/12/2019 ይላል። ይህ ኦክቶበር 12 ነው ወይስ ዲሴምበር 10? ኦክቶበር ከሆነ ጥቅምት 1 ነው፣ ሜዳው በአበባ ያበደበት ሰሞን። ዲሴምበር ከሆነ ህዳር 30 ነው፣ ውርጩ የገባበት። ለእኔ ሥራ ይህ የሰማይና የምድር ልዩነት ነው።

በዚያ ላይ የ2011 ጳጉሜን 6 ቀን ነበረው። ስለዚህ 2012 የገባው በሴፕቴምበር 12 ነው፣ በ11 አይደለም። ከመስከረም እስከ የካቲት ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ተንሸራቷል። እኔ የቀየርኩት በለመድኩት ስሌት ስለነበር አንድም ቀን አልገጠመልኝም። ሰዓቱም እንዲሁ። ካሜራው 8፡30 ይላል። ደብተሬ ላይ 8፡30 የሚል አለ። አንዱ ጠዋት ነው፣ ሌላው ከሰዓት። ባትሪው ሲሞት ደግሞ ካሜራው ቀኑን ረስቶ ሁሉንም የ2010 ጃንዋሪ 1 አድርጎታል። ከ900 በላይ ፎቶ ውስጥ ቀኑን በእርግጠኝነት የማውቀው ሲሶውን አይሞላም። ያን ማታ ደብተሩን ወርውሬ ተኛሁ። በቃኝም ብዬ ነበር።

መፍትሔው አስቂኝ በሆነ መጠን ቀላል ነው። መስክ ስደርስ የመጀመሪያው ፎቶዬ የደብተሬ ገጽ ነው። ቀኑን፣ ወሩን በስሙ፣ ሰዓቱን «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ብዬ ጽፌ ገጹን ፎቶ አነሳዋለሁ። ካሜራው ያሻውን ይበል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሁሉ የዚያ ገጽ ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትወስዱ ደስ ይለኛል።

መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መሄጃ የለም፤ በሬሳም፣ ሸዋሮቢትም። ግቢ ውስጥ ተቀመጥኩ። የበልጉ ዝናብ ጥሎ ነበርና እማማ ያቃጠሉት ቦታ ላይ ኮሸሽላው ከሥሩ እንደገና አቆጥቁጧል። ወንበር አውጥቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ሌላ ሥራ አልነበረኝማ። የሆሳዕና ዋዜማ፣ ሚያዝያ 3፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ አንዷ መጣች። አበባ የለውም፣ ግን አልሄደችም። ቅጠል ላይ አርፋ በእግሯ ነካ ነካ አደረገችው። ተነሳች፣ ሌላ ቅጠል። ከዚያ ሆዷን ቆልመም አድርጋ አንድ ጊዜ ነካችውና ሄደች። ሁሉ ነገር ሦስት ሰከንድ አልፈጀም።

ተነስቼ ቅጠሉን አየሁት። ምንም የለም። መነጽሬን አደረግኩ። እሾሁ መሃል፣ ከጤፍ ፍሬ የምታንስ አንዲት ውኃ አረንጓዴ ጠብታ። የልጄን የትምህርት ቤት ማጉያ መነጽር አምጥቼ ሳይ ጠብታ አይደለችም። ከላይ እስከ ታች ሽንሽን አላት፣ እንደ ትንሽ የተላጠ ዱባ። አንድ ብቻ። ይቺ ቢራቢሮ እንቁላሏን አንድ አንድ እያደረገች ነው የምትበትነው። ለዚያ ነው ማንም የማያየው።

ከቅጠሉ ግንድ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። ደብተሬ እንዲህ ይላል፦ ሚያዝያ 3 ተጣለ። ሚያዝያ 10፣ ቀዳም ሹር ጠዋት ተፈለፈለ። ግንቦት 9 ከካርቶኑ ጣሪያ ላይ ተዘቅዝቆ ተንጠለጠለና ቅርፊት ሆነ። ግንቦት 26 ቢራቢሮ ወጣች። በድምሩ 53 ቀን። መጻሕፍት የሚሉት በሞቃት ቦታ አንድ ወር ገደማ ነው፤ እንቁላሉ ከሦስት እስከ አምስት ቀን፣ ቅርፊቱ ከሳምንት እስከ አስር ቀን። ደጋ ላይ ያላችሁ ሰዎች «ሞተ» ብላችሁ ቶሎ አትጣሉት። እኔ በአስራ አራተኛው ቀን ቅርፊቱን ልጥለው እጄን ዘርግቼ ነበር። ያዳነው ጎኑ ላይ ያለው የወርቅ ቀለም ነጠብጣብ ነው፤ ያን የመሰለ ነገር መጣል አልሆነልኝም።

አንድ ነገር እንዳያስደነግጣችሁ ልንገራችሁ። ስትወጣ ካርቶኑ ላይ ደም የመሰለ ቀይ ጠብታ ታንጠባጥባለች። እኔ ተጎዳች ብዬ ላነሳት ስል ክንፏ ገና እርጥብ ነበር፤ ብነካው ኖሮ ተጨማዶ ይቀር ነበር። ደም አይደለም። ቅርፊቱ ውስጥ ስትለወጥ የተጠራቀመ ቆሻሻ ነው። አትንኳት። ክንፏ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ከዚያ ክፍት አድርጉላት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከቅርፊቱ ቢራቢሮ ሳይሆን ጥቃቅን ተርቦች ወጥተውብኛል። አባጨጓሬው ውስጥ እንቁላላቸውን ጥለው በልተው የጨረሱት እነሱ ናቸው። ያማል፣ ግን እሱም ፎቶ ነው። ልጆቹ ከቢራቢሮዋ ይልቅ ይህን ፎቶ ነው የወደዱት።

ክረምቱን በአጭሩ ልለፈው፤ ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ሲገለጥ አንድ ሁለት ይታያሉ፣ እኔ ደግሞ ብርድ ልብስ ውስጥ ነኝ። መስከረም 2013 ግን ዋጋዬን ከፈለኝ። አሁን ቦታ አልቀያየርም፤ አጥሬ ጥግና በሬሳ ዳር ያለችው ያቺ ካብ ብቻ። በሳምንት ሁለት ቀን። ከደብተሬ አንድ መስመር ልቅዳላችሁ፦ «መስከረም 18፣ ጠዋት 3፡10፣ ፀሐይ፣ ነፋስ የለም፣ ኮሸሽላው አብቧል፣ 11 ናቸው፣ 8 አዲስ፣ 3 አሮጌ።» አዲስና አሮጌ የምለው በክንፏ ነው። አዲስ የወጣች ቀለሟ ይጮኻል፣ ጠርዟ ሙሉ ነው። የቆየች ብርትኳኑ ገርጥቶ ጭቃ ይመስላል፣ ክንፏ ተበልቷል። ክንፏ የተቦጫጨቀችውን ፎቶ ማንሳት ድሮ እጠላ ነበር። አሁን መጀመሪያ የማነሳው እሷን ነው። ይህ ዘር በትውልድ ቅብብል ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ እስከ አውሮፓ የሚመላለስ ነው። በ2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት፣ ደቡብ አሜሪካ ፈረንሳይ ጊያና ባህር ዳር የተገኙት ከምዕራብ አፍሪካ ውቅያኖሱን 4,200 ኪሎ ሜትር አቋርጠው እንደሄዱ አሳይቷል። የተቀደደ ክንፍ ሳይ ይህን ሳላስብ አላልፍም።

ስለ ሰው ደግሞ አንድ ምክር። የገበሬ ማሳ አጠገብ ተንበርክኮ ካሜራ ማነጣጠር የሚያሳስበውን ሰው አስቡት። ጥቅምት 2013 አንድ አዛውንት ዱላቸውን ይዘው መጥተው «ልጄ፣ መሬቱን ልትለኩት ነው?» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣም ፍርሃትም ነበር። ፎቶዎቹን አሳየኋቸው። አንድ፣ ሁለት፣ አስር። «ይቺን ብለሽ ነው?» አሉና ሳቁ። ያን ሰሞን ቆላውን አንበጣ ያስጨነቀው ስለነበር አባጨጓሬውን ሲያዩ «ይህስ ሰብል አይበላም?» ብለው ጠየቁኝ። ኮሸሽላውን ነው የሚበላው ስላቸው «ታዲያ ይብላልን!» አሉ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ሰላምታ ነው፣ ካሜራ ከቦርሳ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብቻችሁንም አትሂዱ። በተለይ ሴቶች፣ ቤት ውስጥ ላለ ሰው የት እንደሆናችሁ ንገሩ።

ለልጅቷ መልሱን የሰጠኋት ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው። ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ነበር። የእንቁላሉን ፎቶ ስልኬ ላይ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችውና «የምን ቅጠል ነው?» አለች። አሁንም ያቺኑ።

«ኮሸሽላ» አልኳት።

ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ቅጠል ላይ አንዲት የምታበራ ነጥብ። «ቲቸር፣ እንቁላል አገኘሁ!» አጉልቼ አየሁት። ጤዛ ነው። እንዴት ብዬ እንደምነግራት ትንሽ አሰብኩና «ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ተመልሰሽ እይው፤ ካለ እንቁላል ነው» ብዬ ጻፍኩላት።